የቪዲዮ ኮምፕሬሽን የፓተንት ማመልከቻዬ 20ውም ክሌሞች (የጥበቃውን ወሰን የሚገልጹት ነጥቦች) ውድቅ ሆኑ፤ ለመርማሪው ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በአሜሪካ የፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮ ላስገባሁት ማመልከቻ የመጀመሪያው ኦፊስ አክሽን (የመርማሪው የጽሑፍ ምላሽ) ደረሰኝ። ፈጠራው ዲኮደሩ (የተጨመቀውን ቪዲዮ የሚፈታው ክፍል) የመርጅ እጩዎችን (አንድ ብሎክ፣ ማለትም የምስል ቁራጭ፣ ሊወርሳቸው የሚችሉ የእንቅስቃሴ መረጃዎችን) በቴምፕሌት (በብሎኩ ዳር ባሉ ቀድመው በተፈቱ ፒክስሎች) እያነጻጸረ ቅደም ተከተላቸውን የሚቀይርበት ዘዴ ሲሆን፣ ለትልልቅ ብሎኮች የቴምፕሌቱን ፒክስሎች አንድ እየዘለለ ይወስዳል። መርማሪው በፓተንት ሕጉ አንቀጽ 101 ረቂቅ ሐሳብ ነው ብሎ፣ በ103 በዲኮደር በኩል መደርደርን የሚያሳይ ሰነድና በሌላ መሣሪያ ላይ ፒክስል መዝለልን የሚያሳይ ሰነድ አጣምሮ ለባለሙያ በቀላሉ የሚታሰብ ነው ብሎ፣ በ112 ‹ትልቅ ብሎክ› ግልጽ አይደለም ብሎ፣ ቢትስትሪም (የተጨመቀውን የቪዲዮ ዳታ) የያዘውን ሚዲያ ክሌም ደግሞ በ102 አዲስ አይደለም ብሎ ጥሏል። ክሌም 6 ላይ ስለ ገደብ የጻፍኩት አለ። ጥሩ የቢዲ-ሬት (የቢት ቁጠባ ልኬት) ውጤትም አለኝ። አበቃለት ማለት ነው? በአውሮፓም አስገብቻለሁ።»

ጤና ይስጥልኝ። አላበቃለትም። በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው ምላሽ ሁሉንም ክሌም ውድቅ አድርጎ መምጣቱ የተለመደ ነው። ፈጠራው ፓተንት አይገባውም ተብሎ የተዘጋ ፋይል አድርገው አይዩት። መርማሪው «በዚህ ስፋት አልሰጥም» ብሎዎታል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትክክለኛውን ስፋት መፈለግ ነው።

በቅድሚያ ቀኑን ይያዙ። በሽፋኑ ገጽ ላይ ከሰፈረው ቀን ጀምሮ ለመልስ ያለዎት 3 ወር ነው። ክፍያ እየጨመሩ እስከ 6 ወር ማራዘም ይቻላል፤ ክፍያው ግን ወር በተጨመረ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። 6ኛው ወር ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። የአነስተኛ አመልካች መብት ካለዎት አብዛኛው ክፍያ በ60 በመቶ፣ የማይክሮ ከሆኑ በ80 በመቶ ይቀንስልዎታልና ምድብዎን ያረጋግጡ።

ከአራቱ ምክንያቶች ዋናው ፍልሚያ ያለው 103 ላይ ነው። ሌሎቹ በአብዛኛው በጥሩ አጻጻፍ የሚስተካከሉ ናቸው። ስለዚህ ጊዜዎን እዚያ ያውሉት፤ እኔም የምቆየው እዚያው ነው።

መርማሪው የሚያየውን ለማየት ከኮድዎ ይውጡና ክሌም 1ን ብቻ ያንብቡ። ቢሮው ክሌሙን የሚያነበው ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ በሰፊው ነው። በመግለጫው (ፈጠራውን በሚያብራራው የማመልከቻው ክፍል) ውስጥ ያለ ክሌሙ ላይ ግን ያልተጻፈ ነገር ለእርሱ የለም። የእርስዎን ክሌም እንዲህ ሲያነቡት የሚቀረው «ዲኮደሩ የእጩዎችን ዝርዝር ይሠራል፣ ለእያንዳንዱ እጩ በቴምፕሌቱ ላይ የልዩነት ድምር ያሰላል፣ ብሎኩ ትልቅ ከሆነ ፒክስል ይዘላል፣ ዝርዝሩን በድምሩ መሠረት ይደረድራል» የሚለው ነው። ጥቅሙ የታወቀ ነው፦ የመርጅ ዝርዝር ኤችኢቪሲ በተባለው የቪዲዮ ኮዲንግ ስታንዳርድ እስከ 5፣ ከእርሱ በኋላ በመጣው በቪቪሲ እስከ 6 እጩ ይይዛል፤ ኢንዴክሱ (የተመረጠው እጩ ተራ ቁጥር) የሚጻፈው የመጀመሪያው «0»፣ ሁለተኛው «10»፣ ሦስተኛው «110» እየሆነ ስለሆነ የሚመረጠው እጩ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ቢት ይቆጠባል።

አሁን ሠንጠረዥ ይሥሩ። በግራ ክሌም 1ን ሐረግ በሐረግ ቆራርጠው ያስቀምጡ፤ በመሐል መርማሪው ለዚያ ሐረግ የጠቀሰውን አንቀጽ ቁጥር፤ በቀኝ አንቀጹ በእርግጥ የሚለውን በራስዎ ቃል። የተጠቀሰውን አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውንም ያንብቡ። እዚህ ዘርፍ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት አለ፦ ሰነዱ የሚናገረው ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል) ለራሱ ምርጫ ስለሚያሰላው ወጪ ሆኖ ሳለ፣ መርማሪው ዲኮደሩ ያለ ምንም ምልክት ራሱ እንደሚያሰላው አድርጎ ያነበዋል። የመጀመሪያው ሰነድ ቅደም ተከተሉን ኢንኮደሩ ወስኖ በቢትስትሪሙ የሚልክ ከሆነ «ስለ ቅደም ተከተሉ ምንም መረጃ ሳይቀበል» የሚል ሐረግ ጨምረው መለየት ይችላሉ፤ ሐረጉ በመግለጫው ድጋፍ እስካለው ድረስ።

ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ግን የመጀመሪያው ሰነድ በዲኮደር በኩል መደርደሩን በግልጽ ያሳያል። እንግዲያውስ የቀረዎት ልዩነት ፒክስል መዝለሉ ነው፤ እሱ ብቻውን አይቆምም ብዬ በግልጽ ልንገርዎት። «ሁለተኛው ሰነድ ስለ ሌላ መሣሪያ ነው የሚያወራው» ብሎ መከራከር ያጓጓል፤ ሆኖም ቪቪሲ ራሱ በዲኮደር በኩል የእንቅስቃሴ ቬክተርን (ብሎኩ ከየት እንደሚቀዳ የሚያመለክተውን) በሚያጠራበት ዲኤምቪአር በተባለው ስልት የልዩነቱን ድምር የሚሠራው አንድ መስመር እየዘለለ ነው፤ ዓላማውም ስሌት መቀነስ ነው። የታወቀን ዘዴ ለታወቀለት ዓላማ በጎረቤት መሣሪያ ላይ መጠቀም ከ2007ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኬኤስአር ውሳኔ ወዲህ መርማሪ በቀላሉ «ግልጽ» (ለባለሙያ በቀላሉ የሚታሰብ) የሚለው ነገር ሆኗል። ሰነዶቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ «ይኼኛው ይህ የለውም፣ ያኛው ያ የለውም» ማለትም አይጠቅምም፤ ውድቅ የተደረገው በጥምረቱ ነውና።

የሚያዋጣው ክሌም 6 ነው። እዚያ ያለው ገደብ፣ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የነበረው እጩ ቦታውን የሚለቀው የሁለቱ እጩዎች የልዩነት ድምር ከተወሰነ መጠን በላይ ሲራራቅ ብቻ ነው የሚል ከሆነ፣ መጠኑም በተዘለሉት ፒክስሎች ድርሻ የሚወሰን ከሆነ፣ እጅዎ ላይ እውነተኛ ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። ፒክስል ሲዘለል የናሙናው ቁጥር ይቀንሳል፤ ናሙና ሲቀንስ ድምሩ ለኖይዝ ይጋለጣል፤ ኖይዙ ደግሞ እጩዎችን ያለ በቂ ምክንያት ያገላብጣል። ከዚያም በመጀመሪያው ቦታ መቆየት የነበረበት እጩ ወደ ኋላ ሄዶ ረዘም ያለ ኢንዴክስ ያስከፍላል። ገደቡ ይህን ያግዳል። ማለትም ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፦ ገደቡ የሚያስፈልገው በመዝለሉ ምክንያት ነው፣ መዝለሉ የሚያዋጣውም ገደቡ ስላለ ነው። የመጀመሪያው ሰነድ ስለማይዘል ችግሩ የለበትም፤ ሁለተኛው ዝርዝር ስለማይደረድር መፍትሔውን አያስፈልገውም። መከራከሪያው ይኸው ነው፤ ክሌም 6ን ወደ ክሌም 1 ያስገቡት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ያው ዲኤምቪአር የመነሻውን ቬክተር ለማድላት ሲባል በመነሻው ነጥብ ላይ ያለውን ድምር በ1/4 ይቀንሰዋል። ፍለጋውን ቀድሞ ለማቆምም በብሎኩ መጠን የሚወሰን ገደብ አለው። ክሌምዎ «ገደብን በመጠቀም መደርደር» ብሎ በደፈናው ካለፈ መርማሪው በሚቀጥለው ዙር ይህን አምጥቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ሦስቱ ነገሮች ክሌሙ ላይ በግልጽ ይጻፉ፦ የሚነጻጸረው የሁለት እጩዎች ድምር ልዩነት መሆኑ፣ የገደቡ መጠን ቋሚ ክፍልፋይ ሳይሆን በመዝለያው ድርሻ የሚወሰን መሆኑ፣ ገደቡን ያላለፈ እጩ የቀድሞ ቦታውን ይዞ የሚቆይ መሆኑ። ይህን ቀዳሚ ሥራ (ከማመልከቻዎ በፊት የታወቀውን) አሁን ካወቁ ለቢሮው የማሳወቅ ግዴታም አለብዎት። ከመጀመሪያው ኦፊስ አክሽን በኋላ የሚገባ የሰነድ ማሳወቂያ ወይ ማረጋገጫ ወይ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከፋይናል (ዙሩን ከሚዘጋው ውድቅ የማድረግ ምላሽ) በፊት ያስገቡት። ሸክም ቢመስልም ጥቅሙ የእርስዎ ነው፤ መርማሪው አይቶት ያለፈው ሰነድ በኋላ ፍርድ ቤት ሲነሳ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ስለ ጥቅሙ ሲጽፉ የሌለውን አይጨምሩ። የ64×64 ብሎክ ቴምፕሌት ከላይ 64፣ ከግራ 64፣ በድምሩ 128 ፒክስል ነው፤ በ6 እጩ 768 ንጽጽር ይሆናል፤ አንድ ሲዘለል ወደ 384 ይወርዳል። ይህ የስሌት ቅነሳ እውነት ነው። «የሜሞሪ ንባብም በግማሽ ይቀንሳል» ማለት ግን አደገኛ ነው። ቬክተሩ በፒክስል ክፍልፋይ ላይ ሲያርፍ በቪቪሲ ለብርሃን ናሙናዎች ባለ 8 ነጥብ ፊልተር ያስፈልጋል፤ የላይኛውን አንድ መስመር ብቻ ለማግኘት 71×8 (64ቱና 7 ጎረቤቶች፣ በ8 መስመር)፣ ማለትም 568 ናሙና ይነበባል። በመስመሩ ላይ አንድ እየዘለሉ ቢሄዱም ፊልተሩ የተዘለሉትን ጎረቤቶች መልሶ ይጠይቃል። መርማሪው ዘርፉን የሚያውቅ ከሆነ እንዲህ ያለ አባባል ቀሪው መከራከሪያዎ ላይም ጥርጣሬ ይጥልበታል።

የቢዲ-ሬት ውጤትዎ ይጠቅማል፤ አሁን ባለው መልኩ ግን አይበቃም። ጊስሌ ብዮንተጎርድ በ2001 ያቀረበው ይህ ልኬት የሚነግርዎት ከአንድ መነሻ አንጻር በእኩል ጥራት ምን ያህል ቢት እንደተቆጠበ ነው፤ ዋናው ነገር መነሻው ማን ነው የሚለው ነው። ለ103 ማስረጃ እንዲሆን ንጽጽሩ ከቅርቡ ቀዳሚ ሥራ ጋር መሆን አለበት። በእርስዎ ጉዳይ ያ የመጀመሪያው ሰነድ ዘዴ ነው፤ መደርደር የሚባል ነገር ከሌለው ሶፍትዌር ጋር የተደረገ ንጽጽር የሚያሳየው የመደርደርን ጥቅም ነው፣ እሱ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ሦስት ሩጫ ያድርጉ፦ ሙሉ ቴምፕሌት፤ መዝለል ያለ ገደብ፤ መዝለል ከገደቡ ጋር። ሁለተኛው የመጀመሪያው ካገኘው ትርፍ ከፊሉን አጥቶ ሦስተኛው ካስመለሰው ከላይ ያልኩትን መተሳሰር በቁጥር አሳዩ ማለት ነው። በጄቬት (ቪቪሲን ባዘጋጀው የባለሙያዎች ቡድን) የጋራ የሙከራ ሁኔታ በኪውፒ (የጭመቃው ደረጃ) 22፣ 27፣ 32 እና 37፣ በራንደም አክሰስና በሎው ዲሌይ ቅንብሮች ይሁን፤ መርጅ የኢንተር (ከሌላ ፍሬም የሚተነብይ) መሣሪያ ስለሆነ ኦል ኢንትራ (ከዚያው ፍሬም ብቻ የሚተነብየው ቅንብር) ምንም አይነግርም። አማካዩን ብቻ ሳይሆን በየክላሱ (በየሙከራ ቪዲዮዎቹ ምድብ) ያስቀምጡ፤ የዲኮዲንግ ጊዜውንም ይጨምሩ።

ውጤቱ የሚገባው በደንብ 132 መሠረት በቃለ መሐላ ወይም በፊርማ በተረጋገጠ መግለጫ ነው። በጠበቃ መከራከሪያ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ማስረጃ አይባልም። ማስረጃው የክሌሙን ስፋት መሸፈን ይኖርበታል፦ ክሌሙ «ከፊሉን ይዘላል» ብሎ ሙከራው ግን አንድ ለሁለት ብቻ ከሆነ መርማሪው «ስፋቱን አይመጥንም» ይላል። ወይ ክሌሙን ወደ ተሞከረው ያጥብቡ፣ ወይ አንድ ለአራትንም ይሞክሩ።

ሁለተኛው ሰነድ የጄቬት ከሆነ ቀኑን ሳያጣሩ አይቀበሉት። በሰነዱ ራስጌ ላይ ያለው የስብሰባው ቀን ነው እንጂ ለሕዝብ የተከፈተበት ቀን አይደለም። አንድ ሰነድ በአንድ ቁጥር ሥር ብዙ እትም ሊኖረው ይችላል። መርማሪው የተመረኮዘበት አንቀጽ ወይም ሠንጠረዥ በመጀመሪያው እትም ላይ ሳይኖር ከስብሰባው በኋላ በተጫነ እትም ላይ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከድረ ገጹ የእያንዳንዱን እትም የተጫነበትን ሰዓት ይውሰዱና ከቀዳሚነት ቀንዎ (ማመልከቻዎ መጀመሪያ እንደገባ ከሚቆጠርበት ቀን) ጋር ያስተያዩ። በጥቂት ቀን ልዩነት የሚወድቅ ሰነድ አለ።

ወደ 101 እንሂድ። ከ2014ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአሊስ ውሳኔ ወዲህ ምርመራው በሁለት ደረጃ ነው፦ ክሌሙ ወደ ረቂቅ ሐሳብ ያመራል ወይ፤ ካመራስ ከዚያ ያለፈ ነገር አለው ወይ። ቪዲዮን መጭመቅ በተፈጥሮው ቴክኖሎጂ ነው ብሎ መተማመን አያዋጣም። በ2020 አዳፕቲቭ ስትሪሚንግ ከኔትፍሊክስ፣ በ2023 ደግሞ ሪልታይም ዳታ ከአሬይ ኔትወርክስ ጋር በተከራከሩባቸው ጉዳዮች የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት የኢንኮዲንግና የኮምፕሬሽን ክሌሞችን በዚሁ ምክንያት ጥሏል። እነዚያ ክሌሞች ውጤቱን ሲናገሩ ውጤቱ እንዴት እንደሚገኝ በበቂ አልተናገሩም። የእርስዎ መድኃኒት ከላይ ያለው ማሻሻያ ራሱ ነው፤ እርምጃው ዝርዝር ሲሆን 101ም አብሮ ይላላል። አንድ ነገር ግን ያክሉበት፦ ክሌሙ «ዝርዝሩን መደርደር» ላይ አይቁም። ኢንዴክሱን ከቢትስትሪሙ ማንበብ፣ በተደረደረው ዝርዝር ላይ የሚያመለክተውን እጩ መውሰድ፣ በእርሱ ብሎኩን መተንበይና መልሶ መገንባት እስከሚለው ይሂድ። መልስዎ ላይ ደግሞ ለተሻሻለው ነገር መግለጫው ውስጥ ያለውን አንቀጽ በቁጥር ጠቅሰው የዲኮደሩ አሠራር ራሱ መሻሻሉን ያሳዩ።

112 ላይ መርማሪው ትክክል ነው። «ትልቅ» ወሰን የለውም። መግለጫው «ስፋቱ ወይም ቁመቱ ከ16 ፒክስል ሲበልጥ» የሚል ከሆነ ያንን ያስገቡ። መግለጫው ውስጥ የሌለ ቁጥር ግን አሁን ማምጣት አይቻልም፤ አዲስ ነገር መጨመር ይባላል። እግረ መንገድዎን የመሣሪያ ክሌምዎን ይመልከቱ፦ «ለመደርደር የተዋቀረ ክፍል» የሚል አጻጻፍ ካለ፣ መርማሪው ክፍሉን በተግባሩ ብቻ እንደተገለጸ ቆጥሮ በመግለጫው ውስጥ ስልተ ቀመሩን ይፈልጋል። ፍሎውቻርት ከሌለዎት ችግር ነው። «ሜሞሪና ከሜሞሪው ጋር የተገናኘ ፕሮሰሰር» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የቢትስትሪሙ ክሌም የወደቀው በሌላ ሎጂክ ነው። ሚዲያው መረጃውን ተሸክሞ ከመቀመጥ በቀር ምንም ስለማይሠራ፣ ቢሮው የቢትስትሪሙን ይዘት እንደ ታተመ ጽሑፍ ቆጥሮ ክብደት አይሰጠውም። ይዘቱ ከተነሳ የሚቀረው «መረጃ የያዘ ሚዲያ» ነው፤ ያንን ማንኛውም የድሮ ዲስክ ያሟላዋል። ሐርድዲስክ ላይ ያለ መሆኑን መጨመር ጊዜያዊ ምልክት ፓተንት አይገባውም ከሚለው የ2007ቱ የኑዪተን ውሳኔ ያድናል እንጂ ከዚህኛው አያድንም። ሁለት መውጫ አለ፦ ሚዲያው መመሪያዎችን የያዘና ፕሮሰሰሩ ሲፈጽማቸው እርምጃዎቹ የሚከናወኑ አድርጎ መጻፍ፣ ወይም «ቢትስትሪምን በዚህ ዘዴ የማመንጨትና የማስቀመጥ ዘዴ» ማድረግ። ቪዲዮ አሰራጮችን መድረስ ከፈለጉ ሁለተኛውን ይያዙ። በአንድ ዘዴ ክሌም ውስጥ የኢንኮደርና የዲኮደር እርምጃ አይቀላቅሉ፤ አንዱን ኩባንያ ሌላውን ተመልካች ስለሚፈጽመው ጥሰቱን በአንድ ሰው ላይ ማሳየት ይከብዳል።

መልሱን ከማስገባትዎ በፊት ኢንተርቪው (ከመርማሪው ጋር የቃል ውይይት) ይጠይቁ። የተሻሻለውን ክሌም 1 ረቂቅ ቀደም ብለው ይላኩ፤ ክርክሩን በሙሉ አይላኩ። ጥያቄዎ «በመዝለያው ድርሻ የሚወሰን ገደብ በሁለቱ ሰነዶች ውስጥ የት አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይሁን። መርማሪው «ይህን ጥምረት ያልፋል፣ ግን እንደገና ሰነድ እፈልጋለሁ» ካለዎት ጥሩ ውጤት ነው። የተነጋገራችሁት በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ይገባልና ያላሰቡበትን ነገር አያምኑ።

በአውሮፓ በኩል ሁኔታው ይገለበጣል። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ቪዲዮ ኮዲንግን ቴክኒካዊ ስለሚለው 101ን የመሰለ ችግር እምብዛም አይገጥምዎትም፤ የቢዲ-ሬት ማስረጃም ቴክኒካዊ ውጤቱን ለማሳመን ይረዳል። አስቸጋሪው በመጀመሪያው ማመልከቻ ያልነበረ ነገር መጨመርን የሚከለክለው አንቀጽ 123(2) ነው። ክሌም 6 በክሌም 5 ላይ ተንጠልጥሎ ከተጻፈ 5ን ትቶ 6ን ብቻ ወደ 1 ማምጣት፣ መግለጫው ለብቻው ካላሳየው፣ የማይፈቀድ ጭማሪ ይባላል። ገደቡ በመግለጫው የቀረበው ከአንድ ለሁለት መዝለል ጋር ብቻ ከሆነም ነጥለው ማውጣት አይችሉም። ከማስገባትዎ በፊት በራስዎ ጽሑፍ ወይም ንግግር አውጥተውት ከነበረ ደግሞ አሜሪካ የ1 ዓመት እፎይታ ትሰጣለች፣ አውሮፓ በአጠቃላይ አትሰጥም። ለአሜሪካ የሚጽፉትን መልስ የአውሮፓው መርማሪ ሊያነበው ስለሚችል ሁለቱ እንዳይጋጩ የሁለቱንም ጠበቆች ያገናኙ።

የሚቀጥለው ምላሽ ፋይናል ሊሆን ይችላል፤ ክሌሙን ስላሻሻሉ አዲስ ሰነድ ቢመጣም ፋይናል መሆኑን አይከለክለውም። ከፋይናል በኋላ ማሻሻያ የሚገባው በመርማሪው ፈቃድ ስለሆነ፣ ወይ ከፍለው ምርመራው እንዲቀጥል ይጠይቃሉ፣ ወይ ይግባኝ ይላሉ። ይግባኝ የሚያዋጣው ክሌሙ የሚፈልጉትን ቅርጽ ከያዘና ጸቡ ሰነዱ ምን ይላል በሚለው ላይ ብቻ ሲቀር ነው። ጠባቡ ክሌም ከተፈቀደልዎት ይውሰዱት። ሰፊውን በቀጣይ ማመልከቻ ማሳደድ ይቻላል፤ እሱ ግን የመጀመሪያው ፓተንት ከሚታተምበት ቀን በፊት መግባት ስላለበት የማጽደቂያ ደብዳቤው እንደደረሰ፣ የማውጫ ክፍያውን ከመክፈልዎ በፊት ይወስኑ።